ጎተራ፣ ነቀዝ፣ ወፍጮ

ደብረ ብርሃን፣ ቅዳሜ ጠዋት፤ ውርጩ ገና አልለቀቀም፣
ካርታ ይበውዛል እንጂ ጣቴ ጣትነቱን አላወቀም።
ከልሳነወርቅ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ፣ ባለ አንድ አምፖል ክፍል፣
ሠላሳ ሁለት ተጫዋች አራት አግዳሚ ሲካፈል።

ካርታውን ሁሉ ያተመው እሱ ነው፣ በሠርግ ጥሪ ወረቀት፤
ቀይና ቢጫው ቀለም ባለቀበት ዕለት
ጅቡ በሙሉ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ስቀን ስቀን ለመድነው፤
ዛሬ ዳለቻ ጅብ ያየ ሰው «ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

የኔ እጅ ጅብ የለው፣ ጦር የለው፣ አጥር የለው፤
ሦስት ወረቀት ነው፣ ሲገናኝ ብቻ ነፍስ ያለው።
ጎተራ፦ ሞልቶ ይቀመጣል።
ነቀዝ፦ ከጎተራው ይበላል፤ በጎረሰ ቁጥር
ከባላጋራዬ ክምር አንድ ካርታ ይወጣል።
ወፍጮ፦ ነቀዙን ከነጉርሻው ፈጭቶ ጎተራውን ይሞላል፣
ነቀዙም ከዱቄቱ ይነሳና እንደገና ይበላል።
ይበላል፣ ይፈጫል፣ ይሞላል፤
የዚያኛው ክምር ሲያልቅ ጨዋታው ያበቃል።

አንዷ ከጎደለች ግን ጉድ ፈላ፦
ነቀዜ ያለ ወፍጮ የራሴን እህል ሲበላ፣
ወፍጮዬ ያለ እህል ድንጋይ በድንጋይ ሲያፋጭ
እኔ ፈገግ እላለሁ፣ ሁሉ ያለው ሰው እንዲመስል ቁጭ።

ሌሊት ሌሊት ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነው እንጀራዬ፣
ጥጥ ወትፌ በጆሮዬ።
አንድ ክር ሲበጠስ ሺው ክር ቀጥ ይላል፤
ጎንበስ ብዬ ስቋጥረው መኪናው ይቀጥላል።
ይህን መጠበቅ እዚያ ሳልለምደው አልቀረሁም፤
ብርድ ልብሱን የለበሰ ሰው ቋጠሮዬን አይቶት አያውቅም።

«ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ የወር ደሞዝ?» ይሉኛል።
ዳኛዋ ትርንጎ «ያንተ ተራ ሲደርስ ምሳዬን በልቼ እመጣለሁ» ትለኛለች።
የመጀመሪያውን ዙር አለፍኩ። ሁለተኛውን በጭንቅ።
በሦስተኛው የጫጫው ልጅ ሚኒባሱ ተበላሽቶ ቀረ።
እንዲህም ይታለፋል።

ለፍጻሜው ወንድይፍራው፤
ጣርማበርን በዋሻው አልፎ፣ ከደብረ ሲና የመጣ፣
ከኪሱ የቆሎ ፌስታል አወጣ፣
ጠረጴዛው ላይ አኖረና ጅቦቹን ለቀቀብኝ።
ሃያ ነፍስ ነበረኝ።
አሥራ አንድ። ጎተራ አለኝ።
ሰባት። ነቀዝ አለኝ።
አራት። ምንም አልሳብኩም፤ የማይረባ አጋሰስ።
አንድ።
«በቃህ» አለኝ ከኋላ የቆመ፣ ትንፋሹ አንገቴ ላይ ሲደርስ።

መዘዝኩ።
ጠርዙ የተላጠ ወረቀት ነው፤ ሳልገልጠው
ጣቴ ከዓይኔ ቀድሞ አወቀው።

ልማዳችን እንዲህ ነው፦ ሦስቱ መሬት ከነኩ
ተሸናፊ እጁን ይሰጣል፣ ይጨባበጣል፣ ይሄዳል።
ወንድይፍራው ግን ክምሩን ቆጠረ፤ ሃያ ስድስት።
«አሳየኝ» አለ። «አንድ በአንድ።»

ጀመርኩ። ይበላል፣ ይፈጫል፣ ይሞላል። ሃያ አምስት።
በሃያ ላይ ወሬው ተነሳ፣ የኳስ ወሬ።
በአሥራ ስድስት አግዳሚው ባዶውን ቀረ።
በዘጠኝ ላይ ትርንጎ አዛጋች፤ ልሳነወርቅ
የሰው መታወቂያ ሊያባዛ ወጣ።
ለዓመት የሰበሰብኩት ድል
እንደ ደረሰኝ እየተቆረጠ ሲያልቅ
አንድ ሰው ብቻ ነበር ጎንበስ ብሎ የሚያየኝ፣
ያውም የማሸንፈው።

ሦስት። ሁለት። አንድ።
አላጨበጨበም፤ ማን ያጨበጭባል?
ሽልማቱም ካርድ ነው፤ የመቶ ብር፣ ተፍቆ ስልክ የሚሞላ።
ኪሴ ከተትኩትና ልነሳ ስል
ወንድይፍራው ቆሎውን ወደኔ ገፋው፣
ሰማያዊ ጅቦቹን በክንዱ ወደ ዳር ጠረገና
«ቆይ እስኪ» አለኝ፣ «ከመጀመሪያው፤
ነቀዙ ከዱቄቱ የሚነሳበት ጋ ስትደርስ
ቀስ በል።»